የብርቱካን ሹፌር

መስከረም ፲፪

ይድረስ ለወንድሜ ልጅ፣ ለሩቋ አለቃችን፤

ሰላምታዬ ከእጄ ግራሶ ቀድሞ ይድረስሽ። ፈጣሪ ከክፉ ሰው ይሰውርሽ፣ የላብሽን ዋጋ ይባርክልሽ። እኔ ደህና ነኝ። ጋራዡም ደህና ነው። ልጄ ሽቦም ደህና ነው። አንቺ ስትሄጂ የፊት ጥርሱ ወልቆ ቃል ማውጣት ያቅተው የነበረው ልጅ ይኸው ዛሬ የራሱን ሚኒባስ ይነዳል። ቁመቱ አልበቃው ብሎ አንገቱን ሰብሮ ነው የሚነዳው፤ ከፊት ሲያዩት መሪውን የሚሳለም ይመስላል።

በወረቀት የምጽፍልሽ ኋላ ቀር ሆኜ አይደለም፣ ስልኬን ሰብረውት ነው። ተራ አስከባሪ ተብዬዎቹ መናኸሪያው በር ላይ ቆመው የሹፌሩን ሁሉ ስልክ ይፈትሻሉ። አንቺ የሠራሽልን የኢንተርኔት ቤት ያለበት ስልክ ካገኙ ስልኩንም ሰውየውንም ነው የሚያደቁት። የእኔን በገዛ መዶሻዬ ፈጩት። መዶሻውን ሲመልሱልኝ ደግሞ "እናመሰግናለን ጋሼ" አሉኝ፤ ስድ አደግ ሁላ።

ግን ሥራሽ ሠርቷል። አንዱን ሹፌር "የተራ አልከፈልክም" ብለው መንጋጋውን ሲያወልቁት ድንቡሼ የቀረጸውን ቪዲዮ ታስታውሻለሽ። ድንቡሼ ማለት ያ ሲስቅ ሆዱ የሚቀድመው ሹፌር ነው። ያኔ ትልቁ ማኅበራዊ መገናኛ ላይ ለጥፎት ነበር። ተራ አስከባሪዎቹ ራሳቸው ተሰብስበው "ነውር ነው ይነሳ" እያሉ ከሰሱበትና ሳይውል ሳያድር ጠፋ። የሠፈሩ ሰው ያንቺን ቤት "የማይፋቀው" ይለዋል፣ ምክንያቱም እዚያ ላይ ቪዲዮው ይኸው አለ። ፖሊስም አይቶታል፤ አላየሁም ማለት አልቻለም።

ስለዚህ አንድ ነገር ማይልኝ። ቢያስፈራሩሽም ቢያለቃቅሱብሽም የተለጠፈ ነገር እንዳታጠፊ። ዛሬ ለአንዱ ብለሽ ካጠፋሽ ነገ ለሌላው ታጠፊያለሽ፤ ያኔ ከትልቁ በምን ተሻልሽ?

አጎትሽ

ጥቅምት ፮

ይድረስ ለጋሼ፤

እጅ ነስቼ ጀመርኩ። ወገብዎን፣ ዓይንዎን፣ የሽቦንም አንገት ፈጣሪ ይጠብቅልኝ። እኔ እንደሚያውቁኝ ነኝ፤ የሆስፒታል አንሶላ አጥባለሁ፣ እተኩሳለሁ። ኮምፒውተሩ አልጋዬ ሥር ከጫማዎቼ ጋር ነው የሚኖረው። አከራዬ "ምንድን ነው የሚጮኸው?" ስትለኝ ማራገቢያ ነው እላታለሁ፤ ውሸትም አይደል።

ማልኩልዎ፣ አላጠፋም። እዚህም ቢሆን አልተዉኝም። አንዱ የምሠራበትን ልብስ ማጠቢያ በር ፎቶ አንስቶ "እናውቅሻለን" ብሎ ላከልኝ። ሰንብቶ በመስኮቱ ድንጋይ ገባ። እኔን ስቶ የአጠገቤን ሴት ቅንድቧን ሰነጠቃት። ደሟ የተኮስነው አንሶላ ላይ ፈሰሰና እንደገና አጠብነው። ምን እንደሆነ ስትጠይቀኝ "ሰካራም ይሆናል" አልኳት።

ግን አንድ ነገር ይወቁልኝ ጋሼ። ይሄ ነገር እንደ ትልቁ መገናኛ አንድ ሕንፃ አይደለም። ብዙ ትንንሽ ቤት ነው። የእኛ አለ፣ የላይኛው ከተማ ሹፌሮች አለ፣ የነርሶች አለ፣ የተማሪዎች አለ። እያንዳንዱ ቤት ባለቤት አለው፣ የሁሉም አለቃ ግን የለም። እኛ ቤት የተለጠፈ ነገር ወደ ሌሎቹ ይሄድና ቅጂው እነሱም ዘንድ ይቀመጣል። እኔን ቢገድሉኝ እንኳ ቪዲዮው አይሞትም። የሚያኮራኝ ይሄ ነው። ነገር ግን ከደጄ የወጣውን እኔም ራሴ መልሼ አላስገባውም። "አጥፉልኝ" ብዬ መልእክት ልልክ እችላለሁ፤ ጨዋው ያጠፋል፣ ባለጌው ይስቅብኛል። አንዳንዴ አንሶላ ስተኩስ ይሄ ትዝ ይለኛል። እርስዎ ካሉ ግን ይሁን።

የወንድምዎ ልጅ

ኅዳር ፱

ልጄ፤

ፈጣሪ አንቺን ደህና ያድርግልኝ፤ እኔ ደህና አይደለሁም። ድንቡሼን ገደሉት።

መኪና ሥር ተጋድሜ የማርሽ ሳጥን እየፈታሁ ነበር። ያየሁት እግር ብቻ ነው። አንዲት ሚኒባስ ቆመችና የአራት የአምስት ሰው ጫማ ዘሎ ወረደ። የድንቡሼ ጫማ ወደ ኋላ ሸሸ። ከዚያ ድንቡሼ ራሱ ወደቀና ፊት ለፊቴ ተዘረጋ፤ ዓይን ለዓይን ተያየን። በብረት ነው የወገሩት። ሸሚዙን ይዤ ወደ እኔ ልጎትተው ስል አንዱ በተረከዙ ጣቶቼን ጨፈለቃቸው። ድንቡሼ "ጋሼ፣ ልቀቀኝ፣ አንተንም ይገድሉሃል" አለኝ። በዚያች ሰዓት እንኳ ለእኔ ያስባል። አፉ ውስጥ ጥርስ አልቀረም ነበር።

መኪናዋን እኔ አላየኋትም፤ ጎማዋን ነው ያየሁት፣ ጎማ ደግሞ ሁሉም ጥቁር ነው። ሚስቱ ግን ከመንገዱ ማዶ ሆና አይታታለች። ልትለጥፈው ነው አሉ። ትለጥፍ፤ ማንም እንዳይነካባት። ሽቦ እንኳን አልነበረ። ትኩሳት ጥሎት ክፍሉ ተኝቷል፣ መኪናውንም ለሚተካው ሹፌር ሰጥቷል። ቢኖር ዘሎ ይገባ ነበርና ተመስገን ነው።

የላይኛው ከተማ ሹፌሮች የጻፉትን ደግሞ ሰው አነበበልኝ። "ወፍራሙ ድሮም ሌባ ነበር፣ የእጁን አገኘ።" በመስመር ይገባኛል ስንነታረክ ዘመን አልፎናል፣ እሺ። በሬሳ ላይ ግን? በር ዝጊባቸው። ከእነሱ አንድ ቃል አይምጣ፣ ከእኛም አንድ ቃል አይሂድ። ቁረጪያቸው።

ጽሑፌ የተንጋደደው በግራ እጄ ስለምጽፍ ነው።

አጎትሽ

ኅዳር ፳፰

ይድረስ ለጋሼ፤

ነፍሱን ይማር። እርስዎን ያተረፈልኝ ፈጣሪ የድንቡሼን ሚስት ያጽናልኝ። ጣቶችዎን ሐኪም ይያቸው፤ "ይድናል" ብለው እንዳይተዉት፣ አውቅዎታለሁ።

ላይኞቹን ዘጋሁባቸው። አንዲት ነገር መንካት ነው፣ እንደ በር ድምፅ እንኳ የለውም። የእነሱን ቤት የሚያስተዳድረው እዚያው ላይኛው ከተማ መናኸሪያ ያለ ጎሚስታ ነው። ጎማ እየለጠፈ ኮምፒውተሩንም ይጠብቃል። "የተሳደበው አንድ ሰው ነው፣ እኔው እቀጣዋለሁ፣ ከተማውን በሙሉ አትቁረጪ" ብሎ ለምኖኝ ነበር። አልሰማሁትም። ተናድጄ ነበር ጋሼ፤ እኔም እኮ ሰው ነኝ።

የሚስቱ ጽሑፍ የመጣው በሩን ከመዝጋቴ በፊት ነው፣ ስለዚህ ሁሉም ቤት ደርሷል። "ገዳዮቹን ያመጣቻቸው ብርቱካን ናት፣ ሹፌሯ ይኸው" ብላ የድሮ ፎቶ አብራ ለጥፋለች። አንድ ረጅም ልጅ ሚኒባስ ተደግፎ ይስቃል። መሳቁ ደሜን አፈላው። ከሥሩ የሚጻፈው ግን አስፈራኝ። "እጁን እንቆርጠዋለን"፣ "በገዛ ጎማው ይቃጠል" ይላሉ። አንዱማ "ቤቱን አውቀዋለሁ፣ ተከተሉኝ" ብሏል። ላነሳው ብዬ እጄ ከሄደ በኋላ መሐላዬ ትዝ አለኝና ተውኩት።

ብርቱካን የምትባለውን መኪና ያውቋታል?

የወንድምዎ ልጅ

ታኅሣሥ ፲፰

ብርቱካን የሽቦ መኪና ናት።

በዚህ መናኸሪያ ሰው በስሙ አይጠራም፣ በመኪናው ነው። "ብርቱካን ጥርስ አስነቀለች" ካሉሽ ሽቦ ጥርስ አስነቅሎ ነው። "ብርቱካን ተጣላች" ካሉሽ ሽቦ ተጣልቶ ነው። እኔው ራሴ ልጄን ለምሳ ስጠራው "ብርቱካን ና" ነው የምለው። ያን ቀን የነዳት የሚተካው ሹፌር ነው። ተራ አስከባሪዎቹን ጭኖ መጣ፣ ጭኖ ሄደ፣ ከዚያ ወዲህ ዓይኑ አልታየም። ሚስትየው መኪናዋን አየች፣ ብርቱካን አለች፤ ብርቱካን ደግሞ ሽቦ ነው። ሴትየዋ አልዋሸችም እኮ። የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው።

ያንቺ ደብዳቤ ሳይደርስ ሰዎቹ ደረሱ። ልጄን ከአልጋው ጎትተው አወጡት። ተራ አስከባሪዎቹ ቢሆኑ ይሻለኝ ነበር፤ የእኛው ሹፌሮች ናቸው፣ ፍሬናቸውን የምሠራላቸው። ቀኝ እጁን ደፉ ላይ አስዘርግተው በጎማ መፍቻ ቀጠቀጡት። አጥንቱ ሲሰበር ሰማሁት። አንዱን ጆሮውን ነከስኩት፤ የደሙ ጣዕም እስከ ዛሬ ከአፌ አልወጣም። አንገቱ ላይ ጎማ አጥልቀው ቤንዚን ሲያመጡ የድንቡሼ ሚስት ደረሰች። የክሊኒኩ ነርስ "ያን ቀን ጠዋትና ማታ መርፌ የወጋሁት እኔ ነኝ፣ ከአልጋው አልወረደም" ብላት ኖሮ እየሮጠች ነው የመጣችው። ልጄ ላይ ተኛችበት። "እኔን አቃጥሉ፣ የጻፍኩት እኔ ነኝ" አለቻቸው። ተበተኑ። አንዱ ሲሄድ "ይቅርታ ጋሼ፣ ፎቶውን አይተን ነው" አለኝ። ይቅርታውን ምን ላድርገው?

አጥፊው። አታጥፊ ያለሽን ያን ጅል ሽማግሌ አትስሚው። ሚስትየውም ተሳስቻለሁ ብላ ጽፋለች፤ የሚያነበው ግን ጥቂት ነው አሉ።

ሽቦን ላይኛው ከተማ፣ የእናቱ ዘመዶች ዘንድ አሽሽቼዋለሁ። ከእነዚያ ሰዎች ጋር ተቆራርጠናል፤ የእኛ ወሬ አይደርሳቸውም፣ ማንም አያውቀውም። እጁ በጀሶ ነው።

አጎትሽ

ጥር ፪

ጋሼ፤

ሽቦን ከላይኛው ከተማ ያውጡት። ሰላምታው ይቆየኝ፣ ይሄን አንብበው ሳይቀመጡ ይሂዱ።

ደብዳቤዎን እንዳነበብኩ አጠፋሁት። "አጥፉልኝ" የሚለውም መልእክት ለየቤቱ ሄደ። ነርሶቹ አጠፉ፣ ተማሪዎቹም አጠፉ፣ የማላውቃቸው ሰዎች ሳይቀሩ አዝነው አጠፉ። ለላይኞቹ ግን መልእክቱ አልደረሰም። በሩን የዘጋሁት እኔ ነኛ። ፎቶው ከመዝጋቴ በፊት ገብቶ እነሱ ቤት ተቀምጧል፣ የእኔ ማጥፊያ ደግሞ በተዘጋ በር አያልፍም። ሚስትየው የጻፈችውም እርማት አልደረሳቸውም። እነሱ ዛሬም የሚያውቁት የመጀመሪያውን ብቻ ነው።

በሩን ከፈትኩት። አሁን ደግሞ እነሱ ዘግተዋል። በሌላ ሰው ቤት በኩል ጎሚስታውን ለመንኩት። "ስለምንሽ አልሰማሽኝም። ደግሞ አይጠፋም እያላችሁ የምትፎክሩት እናንተ አይደላችሁም እንዴ? ማስረጃ አላጠፋም" አለኝ። የአጎቱ ልጅ ነኝ ማለቴን ነው መሰል የባሰ ያጠነከረው። "ዘመድሽን ልታድኚ ነዋ" አለኝ። ዘመዴ ነው አዎ፤ ስህተት መሆኑስ?

ሰፈርዎ ባለው ስልክ ሁሉ ደወልኩ። ፍተሻ ፈርቶ ሰው ሁሉ ስልኩን ቀብሯል፣ አንድም የሚነሳ የለም። ይሄን ደብዳቤ ወደዚያ ለምትበር አንዲት ሴት በእጇ ሰጥቻታለሁ። ከፖስታ ትቀድማለች።

ድንቡሼን ከገደሉት ሦስቱ ተይዘዋል፣ በሌላ ሰው ቪዲዮ ነው የተለዩት። ቪዲዮው እኛ ቤት ባይኖር ኖሮ አይያዙም ነበር። ይሄን የምነግርዎ ለመኩራራት አይደለም፤ የትኛውን እንደምጠላ ጠፍቶኝ ነው። ጋሼ፣ ይሂዱ።

የወንድምዎ ልጅ

ጥር ፲፰

ደብዳቤሽን ያመጣችው ሴት ያገኘችኝ ከቀብር ስመለስ ነው።

ሽቦ ዝም ብሎ መቀመጥ አስጠልቶት በግራ እጁ መናኸሪያ ውስጥ መኪና ያጥብ ነበር። አንድ ሹፌር ስልኩን አየ፣ ልጄን አየ፣ መልሶ ስልኩን አየ። ከዚያ "ብርቱካን" ብሎ ተጣራ። ልጄም ዞረ። ሲጠሩት የኖረበት ስሙ ነዋ፣ ዞረ። አብራው የነበረች የእናቱ ዘመድ ናት የነገረችኝ፤ ሲዞር ፈገግ ብሎ ነበር አለች፣ የሚያውቀው ሰው መስሎት።

መጀመሪያ የመታው ጀልባ የሚሏት ሚኒባስ ሹፌር ነው አሉ፣ ማጅራቱን፣ በክሪክ እጀታ። ከዚያ ያልመታው የለም። ድንቡሼን ሌባ ሲሉ የከረሙት የድንቡሼን ደም ሊመልሱ! ባልዲውን ሳይቀር ነው ጭንቅላቱ ላይ የሰበሩት። ሬሳውን ስረከብ ልጄ መሆኑን ያወቅሁት በጀሶው ነው፤ ፊት አልተዉለትም። ያን ሁሉ ቤት ሠርተሽ፣ ያን ሁሉ በር ከፍተሽ ዘግተሽ፣ አንድ ልጅ የሚደበቅበት ጠፋ?

አንቺን ልረግምሽ ተነሥቼ ነበር። ቁረጪያቸው ያልኩሽ እኔ ነኝና ተውኩት። ላይኛው ከተማ ላክሁት፣ እኔው። እናቱም በሕይወት የለች፣ ማን ይጮህብኛል።

አሁን የምነግርሽን አድርጊ። የጀልባን ሹፌር አግኝቼዋለሁ። ቤቱ አረንጓዴ በር ነው፣ ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ። ፎቶውን አስነሥቼ በዚህ ደብዳቤ ውስጥ አድርጌዋለሁ። በየቤቱ ለጥፊው። ከሥሩ "የሽቦ ገዳይ" በይ፣ በሩንም ጻፊ፣ ወፍጮ ቤቱንም ጻፊ። እኔ የቀመስኩትን እሱም ይቅመሰው። እንቢ ካልሽ ወንድሜ አልወለደሽም።

ጥር ፳፱

ይድረስ ለጋሼ፤

ፈጣሪ ያጽናዎት ብዬ ልጀምር አልኩና ከእኔ አፍ ሲወጣ ቀለለብኝ። ሥራ ቦታ አንሶላ መተኮሻው ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ፤ ክንዴ ተቃጠለ፣ አልተሰማኝም። ጥርሱ የወለቀውን ልጅ ነው እኔ የማውቀው። ያን በፎቶ የሚስቀውን ጎረምሳ አይቼ የጠላሁት እኔ ነኝ።

ያሉኝን አድርጌ ነበር። ፎቶውን አስገባሁ። "የሽቦ ገዳይ" ብዬ ጻፍኩ። አረንጓዴ በር ብዬ ጻፍኩ። ለመላክ አንዲት ነገር መንካት ነው የቀረኝ፤ ጣቴ ላዩ ላይ ነው። እውነቱን ልንገርዎት፣ እኔም እንዲቃጠል ፈልጌ ነበር።

ግን ጋሼ፣ እርስዎን "የጀልባ ሹፌር ነው" ያሉዎት ሰዎች ናቸው። የዚያን ቀን ጀልባን ማን ይነዳ እንደነበር ጠይቀዋል?

አለጠፍኩትም። ወንድሜ አልወለደሽም ይበሉኝ።

የወንድምዎ ልጅ

የካቲት ፲፯

ይድረስ ለወንድሜ ልጅ፤

ወንድሜ ነው የወለደሽ። ጤና ይስጥሽ፣ ክንድሽንም ያድንልሽ፣ ቅባት ቀቢው። የምጽፍልሽ ከፖሊስ ጣቢያ ነው፤ ወረቀቱን የሰጠኝ ጠባቂው ነው፣ ድሮ መኪናውን ሠርቼለታለሁ።

ደብዳቤሽን አንብቤ ቀደድኩት። ከዚያ ቁርጥራጩን ለቅሜ እንደገና አነበብኩት። በማግስቱ ላይኛው ከተማ ወጣሁ። አረንጓዴውን በር ሳንኳኳ የከፈተልኝ እሱ ራሱ ነው። እንዳንቺ አባባል ጠየቅሁት። "ልጄ የሞተ ቀን ጀልባን የነዳሃት አንተ ነህ?" አልኩት። እኔ ነኝ አለ። "በክሪክ እጀታ መጀመሪያ የመታኸው አንተ ነህ?" አልኩት። ዓይኔን አየና "እኔ ነኝ አባቴ። ፎቶውን አይቼ ገዳይ መስሎኝ ነው" አለ። እርማቱ አሁን ደርሷቸዋል፤ ከቀብሩ በኋላ ጎሚስታው በሩን ከፍቶ ፎቶውን አጥፍቷል አለኝ። ይሄን ሲነግረኝ ያለቅሳል። ዋሽቶ ቢክደኝ ኖሮ ትቼው እሄድ ነበር፣ እውነቴን ነው።

የጎማ መፍቻውን ይዤ ነው የሄድኩት። ክንዱን መታሁት፣ ሲወድቅ ጉልበቱን፣ ከዚያ ጎድኑን። አጥንቱ የልጄን ዓይነት ድምፅ ነበረው። ትንሿ ልጁ ከውስጥ ወጥታ ራሱን አቀፈችው። አራተኛውን ልደግም አንስቼ እሷ መሀል ሆነችብኝ። መፍቻውን ጣልኩና ደጃፉ ላይ ተቀመጥኩ። ይሞታል የሚል ሐኪም የለም፣ መራመዱን ግን እንጃ።

ሰፈሩ ወጥቶ ከበበኝ። ማንም አልመታኝም፤ ስልኩን ነው ያነሳብኝ። አንዱ "የየትኛው መኪና ሹፌር ነው?" ይላል፣ ስም ሊጽፍብኝ። ሌላው የአንዱን መኪና ስም ጠራ፤ የማላውቀውን፣ እኔ ነድቼው የማላውቀውን። ኧረ መኪና የለኝም ብል ማን ይሰማኛል። የዚያ መኪና ሹፌር ዛሬ የት እንዳለ እንጃ፤ ቤቱ ገብቶ ምሳውን እየበላ ይሆናል፣ ምንም አያውቅም።

ፎቶዬ ቤትሽ ይደርሳል፣ ደርሶም ይሆናል። ብታነሺውም ብትተዪውም ያንቺ ፈንታ ነው፤ ከእንግዲህ አላስምልሽም። ብቻ በዚያ ሹፌር ስም እንዳይዞር። በየቤቱ እየዞርሽ፣ በተዘጋውም በር በኩል ቢሆን ሰው ለምነሽ፣ ከሥሩ ጻፊላቸው። አጎቴ ነው፣ ጋራዥ እንጂ መኪና የለውም፣ የመታውም እሱ ራሱ ነው በያቸው።

አጎትሽ